ምጣዱ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ ቤት ሁለተኛ እሳት ስለ መምረጥ

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለች አገር ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሯ ወይና ደጋ ነው፤ ማሽላና ጤፍ ይዘራባታል፤ በስሟ የሚጠራው የእርሻ ምርምር ማእከልም የማሽላን ዘር በማሻሻል የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቤትን ለማሞቅ ተብሎ ብዙ እሳት አይነድም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ጋቢ መደረብና በር መዝጋት ይበቃል። እሳት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ለእንጀራ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር የገባበት ቤት እመቤት ይህን እሳት ከግድግዳ ታገኛለች። ማብሪያውን ትጫናለች፤ ምጣዱ ይግላል፤ ዐይንዋ አያለቅስም፤ ጭራሮ ለመልቀም የሚላክ ልጅም ከትምህርት ቤት አይቀርም። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ የሚነቅፈውም ሰው ወይ ጋግሮ የማያውቅ፣ ወይ ለምትጋግር የማያዝን ነው። ነገር ግን ይህ እሳት በቤቱ ውስጥ የተወለደ አይደለም። ከሩቅ ወንዝ ተነሥቶ፣ በምሰሶ ላይ ብዙ ተራራ ተሻግሮ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳም የሚቀርበት ቀን አለ።

የሚቀርበትም ቀን ብዙ ጊዜ በጣም የሚፈለግበት ቀን ይሆናል። ለፋሲካ ወይም ለዒድ፣ ወይም ለተዝካር የተቦካ ሊጥ አብሲቱ ገብቶለት ኩፍ ካለ በኋላ ቀጠሮ አያውቅም። በሰዓቱ ካልተጋገረ ይመክካል፤ አንድ ቀን ካደረም የልፋቱ ዋጋ ይጠፋል። እንግዲህ መብራት በጠፋ ጊዜ የቤቱ እመቤት ሁለተኛ እሳት ከሌላት፣ የጎረቤት ጉልቻ ስትለምን ወይም እርጥብ እንጨት ስታራግብ ታመሻለች። ስለዚህ ሁለተኛው እሳት አስቀድሞ ታስቦና ተመርጦ መዘጋጀት አለበት።

ለመምረጥ ግን የመጀመሪያው እሳት እንዴት እንደሚሠራና በምን ምክንያት እንደሚደክም ማወቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላ የተሠራ ነው፤ ከበታቹ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ተጋድሞበታል። ኤሌክትሪክ በዚህ ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይከለክለዋል፤ ከዚህም ትግል የተነሣ ሽቦው ይግላል፤ ሙቀቱንም ለሸክላው ይሰጣል። እንዲህ ያለው ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ይህም ባለ 10 ዋት አምፖል 350 የሚያበራ ኃይል ነው። በቤት ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ ብዙ የሚበላው እርሱ ነው።

ኤሌክትሪክ ፈጽሞ ሲጠፋ ሁሉም ያውቀዋል። ሳይጠፋ የሚደክምበትን ጊዜ ግን ብዙ ሰው አያስተውልም። የኤሌክትሪኩ ግፊት በቮልት ይለካል፤ ልኩም 220 ነው። ሲመሽ የመንደሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጣድ ግፊቱ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። አምስተኛው እጅ እንኳ ስላልጐደለ ጉዳቱ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ግፊቱ ሲያንስ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክም አብሮ ስለሚያንስ፣ ሙቀቱ በሁለት በኩል ይቀንሳል። በ180 ቮልት ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል ከ3 እጅ 2 እጅ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ እንጀራው ዐይን አያወጣም፣ ከምጣዱም ጋር ይጣበቃል። እመቤቲቱ ሊጡን ትወቅሳለች፤ ሊጡ ግን ጥፋት የለበትም። አምፖሉ ፈዝዞ ከታየ እስኪበረታ መጠበቅ፣ አለዚያም ወደ ሁለተኛው እሳት መሄድ ይሻላል።

ከዚህ የሚከፋው ለወራት የሚዘልቀው መቋረጥ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ኤሌክትሪክ፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ቆመ፤ ምጣዱም ቀዝቃዛ ሸክላ ሆነ። በዚያ ወራት ጉልቻውን አፍርሶ የጣለ ቤትና ጉልቻውን ያቆየ ቤት ኑሯቸው አንድ አልነበረም። ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ባንኩ ተዘግቶ ሳለ እንጨት የሚገዛበት ስላልነበረው፣ ከመከራው በፊት ከጣራ ሥር የተከመረው ፍልጥ ከገንዘብ ይልቅ ረዳ።

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ ከእንግዲህ ወዲህ መብራት አይጠፋም የሚል ሰው ይኖራል። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ትልቅ ሥራ ነው፤ የአገሪቱም ኃይል በእርሱ እጅግ በዝቷል። ነገር ግን የወንዙ ኃይል ብዛትና የመንደሩ ምሰሶ ጽናት ሁለት ነገሮች ናቸው። በሐምሌ ነፋስ አንድ ምሰሶ ቢወድቅ፣ ወይም የመንደሩ ትራንስፎርመር በመብረቅ ቢቃጠል፣ ዐባይ ሞልቶ ቢፈስም የሲሪንቃው ምጣድ አይግልም። ምንጭ ሞልቶ ሳለ ቦዩ ቢናድ እርሻው እንደሚጠማ ያለ ነው።

ይህ አሳብ የወሎ ብቻ አይደለም። እንደ ኖርዌይና እንደ ፊንላንድ ባሉ በበረዶ አገሮች ሰዎች ቤታቸውን የሚያሞቁበት አንድ መኪና አለ። ይህ መኪና ሙቀትን አይፈጥርም፤ ከውጭ አየር እየቀዳ ወደ ቤት ያስገባል እንጂ። አየሩ ለሰው ቢበርድም ጥቂት ሙቀት አይታጣበትም፤ መኪናው ያንን ሰብስቦ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ እስከ 3 እጅ የሚደርስ ሙቀት ይሰጣል። ነገር ግን ብርዱ እየጸና በሄደ መጠን የሚቀዳው ሙቀት እየራቀው ስለሚሄድ ይደክማል፤ ማለት ሙቀት እጅግ በሚፈለግበት ሌሊት የሚሰጠው ያንሳል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ሁለተኛ ማሞቂያ ይጨምራሉ። አንዳንዱ የሚግል የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጨምራል፤ ይህ በብርድ ቀን ይረዳል፤ መስመሩ ሲበጠስ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ ይጠፋል። ሌላው የእንጨት ምድጃ ያቆማል፤ ይህ በሁለቱም ቀን ይረዳል። አስተዋይ ሰው ሁለተኛውን እሳት የሚመርጠው ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ምክንያት የማይጠፋ መሆኑን አይቶ ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤትም ሁለት ምጣድ አለው እንጂ ሁለት እሳት አለው አይባልም።

በሲሪንቃ ለምርጫ የሚቀርበው ብዙ ነው፤ ለእንጀራ የሚበቃው ግን ጥቂት ነው። ከጣራ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ መብራት ለእንጀራ ይበቃ እንደ ሆነ የሚጠይቁ አሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ 2 ሰዓት ቢሠራ 7,000 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ባለ 20 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ይህን ለማጠራቀም 350 የፀሐይ ሰዓት ያሻዋል፤ በቀን 5 ሰዓት መልካም ፀሐይ ቢያገኝ 70 ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ትንሹ ሰሌዳ ለመብራትና ለስልክ ይሁን፤ ከእንጀራ ጉዳይ አይግባ። የነጭ ጋዝና የሲሊንደር ጋዝ ምድጃ ለወጥና ለሻይ ይመቻል፤ ነገር ግን ነዳጁ በመኪና የሚመጣ ነውና ጐዳና በተዘጋ ጊዜ እርሱም አይገኝም።

ባዮጋዝ የሚባለው ከከብት እበት የሚወጣ አየር ነው። የአገሪቱ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ የአማራን ክልል ጨምሮ በአራት ክልሎች ተጀምሯል። እበቱ ከውኃ ጋር ተደባልቆ አየር በማይገባበት ጕድጓድ ሲብላላ የሚነድ አየር ይወጣዋል፤ የቀረውም ዝቃጭ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። ይህ ከሁሉ የሚያስመሰግን ጥበብ ነው፤ ምክንያቱም ኩበት አድርገው ቢያነዱት እሳቱን ብቻ ያገኙ ነበር፣ በዚህ ግን እሳቱንም ማዳበሪያውንም ያገኛሉ። ሆኖም ቢያንስ አራት ያህል ከብትና በየቀኑ ብዙ ውኃ ይጠይቃል፤ ነበልባሉም ለድስት እንጂ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል ለማጋል ብዙ ጊዜ አይበቃም።

የማሽላ አገዳ በዚህ አገር ሞልቷል፤ ፈጥኖም ይነድዳል። ነገር ግን ነበልባሉ ቶሎ የሚያልፍ ስለ ሆነ አንድ ሰው ከምጣዱ ሥር ሳይለይ ሲማግድ መዋል አለበት፤ ከዚያም በላይ አገዳው የከብት መኖ ነው። በበጋ ያነደደው ሰው በግንቦት ለበሬው የሚሰጠው ያጣል። ኩበትም የመሬቱ ምግብ ስለ ሆነ፣ በምጣድ ሥር ያለቀው ያህል ከሚመጣው ዓመት እህል ይቀነሳል። ሁለቱም ለቸገረ ቀን ይሁኑ እንጂ የቤቱ ሁለተኛ እሳት ተብለው ሊደራጁ አይገባም።

ስለ ከሰል ግን ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰው የሚገድል እርሱ ነውና። ከሰል ለቡናና ለወጥ መልካም ነው፤ ላቀች የተባለችው ምድጃም ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። ጥፋቱ የሚመጣው ከቡና በኋላ ነው። መብራት የጠፋበት የታኅሣሥ ማታ ሲሆን፣ ፍሙ ገና አልሞተምና ይባክናል ተብሎ ምድጃው ወደ መኝታ ይገባል፤ በርና መስኮትም ለብርዱ ሲባል ይዘጋል። በላስታና በመቄት ደጋ ብርዱ ከሲሪንቃ ይልቅ የጸና ስለ ሆነ ፈተናው በዚያ ይብሳል።

ፍም አየር በበቃው ጊዜ ሳይቀር፣ ይልቁንም አየር ባጠረው ጊዜ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወልዳል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም፤ ጕሮሮም አይከረክርም። ሰው ሲተነፍሰው ወደ ደም ይገባል፤ ደምም ኦክስጅን ከሚባለው የሕይወት አየር ይልቅ እርሱን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ቦታው በባዕድ ስለ ተያዘ ደሙ ለልብና ለአንጐል የሚያደርሰው የሕይወት አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ ጕልበት ይከዳል። ነቅቶ ያለ ሰው ምልክቱን ዐውቆ ይወጣ ይሆናል፤ የተኛው ግን ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሳያውቀው ይሻገራል።

ከሰሉ ፈጽሞ ከቀላ፣ ጭሱም ካለቀ፣ ከዚያም ዐመድ ከለበሰ አይጐዳም የሚል አሳብ በብዙ ቤት አለ። ይህ ስሕተት ነው። ጭሱ ያለቀው የሚታየው ነው፤ የማይታየው እስከ መጨረሻዋ ፍም ድረስ ይወጣል። ስለዚህ የከሰል ምድጃ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ። በዚህ አየር የተመረዘ ሰው ቢገኝ፣ በሩን ከፍቶ ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣትና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣት ደሙ ያጣውን አየር አይመልስም።

እንግዲህ ለእንጀራ የሚበቃውና በቤት ሊከማች የሚችለው እንጨት ነው። እንጨቱ የሚነድበት ምድጃ ግን የጥንቱ ጉልቻ መሆን የለበትም። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድደው እሳት ሙቀት ወደ ምጣዱ የሚደርሰው ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል፣ ግድግዳውና የጋጋሪዋ እግር ይሞቁበታል። ምርጥ ምድጃ የተባለው በኢትዮጵያ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ተፈትኖ የወጣ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አሸዋ ተደባልቆ በክፍል በክፍል ይሠራል፤ ክፍሎቹም ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ይከቡታል። እንጨት የሚገባው በፊት በኩል ባለው በአንድ አፍ ነው፤ በኋላ በኩል የሚወጣውም ትኵሳት ድስት ተጥዶበት ወጥ ያበስላል። ነፋስ የማያገኘው እሳት ሙቀቱን ስለማይበትን፣ በጉልቻ ከሚነድደው እንጨት ግማሹን ያህል ያተርፋል። በጉልቻ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጅ የነበረ ጋገራ በዚህ ከ5 ኪሎ ብዙ አይበልጥም ማለት ነው፤ የአንድ ወር ክምር ሁለት ወር ይደርሳል። በመቋረጥ ወራት ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

ጭሱ ግን ጨርሶ አይጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙ ሕፃናት አሉ። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሚውል ሕፃን እናቱ የምትተነፍሰውን ሁሉ ይተነፍሳል። ስለዚህ ምድጃው ከመኝታው በተለየ ማድ ቤት ይቁም፤ ከጣራው አጠገብም ጭስ የሚወጣበት ሰፊ ቀዳዳ ይከፈት፤ የሚቻለውም ጭስ ማውጫ ይትከል፤ ልጁን ደግሞ ሌላ ሰው ይያዝ።

አሁን የቀረው የእንጨቱ ነገር ነው፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተውም በዚህ ነው። በሲሪንቃ መስመር የሚበጥሰው ነፋስና መብረቅ የሚበዛው በክረምት ነው፤ እንጨት የሚርሰውም በክረምት ነው። እነሆ ሁለቱ እሳቶች በአንድ ወር ይታመማሉ። ስለዚህ ሁለተኛው እሳት በጥር ሲያዩት መልካም መስሎ መታየቱ አይበቃም፤ በነሐሴ ዶፍ ቀን ይነድድ እንደ ሆነ መመርመር አለበት።

አዲስ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ሲማገድ መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያፈላል፤ እሳቱ ያንን ውኃ ተን አድርጎ እስኪያወጣ ድረስ ለምጣዱ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ጭሱም እጥፍ ይሆናል። 10 ኪሎ እርጥብ እንጨት የገዛ ሰው 5 ኪሎውን ውኃ ገዝቷል። እንጨት በጥቅምትና በኅዳር ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ነፋስ በሚያገባ ጣራ ሥር ተከምሮ እስከ ግንቦት ቢሰነብት ለክረምቱ ይደርቃል። መድረቁንም በተማሪ ቤት መፈተን ይቻላል። ተማሪዎች አንድ ፍልጥ መዝነው ክብደቱን ይጻፉ፤ በየሳምንቱም ደግመው ይመዝኑት። ውኃው እየወጣ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንሳል፤ መቀነሱን ባቆመ ጊዜ እንጨቱ ደርቋል። ሚዛን የሌለው ሁለት ፍልጥ ያጋጭ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጫፉም ተሰንጥቆ ይታያል።

ምጣዱም እንደ እንጨቱ አስቀድሞ መዘጋጀት ይፈልጋል። በገበያ የተገዛ አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ በችግር ቀን ቢጣድ እንጀራውን ይይዛል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። በጎመን ዘር ተሟሽቶ በወር አንድ ጊዜ የሚጋገርበት ምጣድ ግን ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። በዚያ የወር ጋገራ ከልጆቹ አንዱ፣ ወንድም ቢሆን ሴት፣ እሳት ማንደድን ይማር፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ዘመን የተወለደ ልጅ እሳቱን ዙሪያውን እኩል ማዳረስ አያውቅምና።

መብራት በጠፋ ሰዓት ወደ እንጨቱ ከመሄድ በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የኤሌክትሪክ ምጣዱን ማብሪያ ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል ነው። ማብሪያው እንደ በራ ከቀረ፣ ኤሌክትሪኩ በመንፈቀ ሌሊት ሲመለስ ማንም ሳያየው ምጣዱ ይግላል፤ በላዩ የተቀመጠ ሰፌድ ወይም ጨርቅ ካለም ይቀጣጠላል። ደግሞም ኤሌክትሪክ ሲመለስ ግፊቱ አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሆኖ ስለሚመጣ፣ አምፖሉ ሳይርገበገብ ጥቂት ደቂቃ መብራቱ እስኪታይ ድረስ ሶኬቱ ተነቅሎ ይቈይ።